እድፍ የመሰለን አንገት፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ልጅ የውፍረት ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ይሄን የምጽፈው ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ስም የለም፣ ሰፈርም አልጠቅስም፣ ጅማ እንደምታውቋት ነች አንዱ ያንዱን ጎረቤት ያውቃል። ልጁን ልጁ፣ እናቱን እናት፣ አያቱን አያት እያልኩ እቀጥላለሁ። እኔ ነርስ ነኝ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው። ጉዳዩ እስካሁን 11 ወር ወስዷል፣ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ደሞ ያበላሸኋቸው እኔ ራሴ ነኝ፣ እንደውም እንድጽፍ የገፋፋኝ በዋናነት እሱ ነው።

እንዴት መጡ

እናትየው ልጁን ያመጣችው ወፍሯል ብላ አይደለም፣ አንገቱን ልታሳየኝ ነው። ከኋላ አንገቱ ላይ ጠቆር ወፈር ያለ፣ ሲዳስሱት ከፋይ የሚመስል ነገር አለ፣ ብብቱ ስርም እንደዛው። እድፍ መስሏት ለወራት በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ ስታሸው ከርማለች፣ አልለቅ ሲላት ቅባት ገዝታ ሞከረች፣ እሱም እምቢ ሲል ፈንገስ ይሆናል ብላ መጣች። እጄን ወደ አንገቱ ሳስጠጋ ልጁ ሸሸኝ፣ ቆዳው ተፈትጎ ተፈትጎ ቀልቶ ነበር፣ ምስኪን።

እድፍ አይደለም። አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። ሰውነት ኢንሱሊንን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን) እንደ ድሮው አልሰማ ሲል ቆሽት እያበዛ ያመነጫል፣ ደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ደሞ የቆዳ ሴሎችን እየገፋ እንደዚህ ያጠቁራል ያወፍራል። በሳሙና አይለቅም፣ የሚለቀው ከውስጥ ነው።

ልጁ ያኔ 9 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር። ክብደት 42 ኪሎ፣ ቁመት 135 ሴንቲ ሜትር፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚታይበት ቁጥር) 23። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ በዚህ ዕድሜ ላለ ወንድ ልጅ ከ21 ገደማ በላይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሳይበላ የተለካው የደም ስኳር 104 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወጣ፣ ከ100 በታች ነበር የምንፈልገው፣ ስኳር በሽታ የሚባለው ደሞ ከ126 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ነው። ግፊቱን ለካሁት ግን ቁጥሩን አላመንኩትም፣ ያለን የትልቅ ሰው ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው) ብቻ ነው፣ ለክንድ የሰፋ ካፍ ደሞ ግፊትን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የህጻናት ሐኪም እንዲያየው ሪፈር ጻፍን፣ የሆርሞን ችግር የለበትም ተባለ። ቁመቱ ለዕድሜው ደህና መሆኑ ራሱ ይሄን ይጠቁም ነበር፣ በሆርሞን ምክንያት የሚወፍር ልጅ ብዙ ጊዜ ቁመቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለኛ ስለ ባለሙያዎቹ አንድ ነገር ልበል። እኛ የሰለጠንነው ቀጭን ልጅ ፍለጋ ነው። የክንድ መለኪያዋን ሪባን ተኝቼም አልረሳትም፣ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ፕላምፒ ናት (በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው የኦቾሎኒ ምግብ) ስንት ከረጢት ለስንት ኪሎ የሚለውንም በቃሌ ነው የማውቀው። ትክክልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሀገሪቱ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ህጻናት 37 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ናቸው። ግን 5 ዓመት ያለፈውን ልጅ ማንም አይመዝንም፣ የዕድገት መከታተያ ካርዱም እዛው ላይ ያበቃል። ይሄ ልጅ ባለፉት 2 ዓመታት ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት እኛጋ 4 ጊዜ መጥቷል፣ ካርዱን ሳየው ክብደቱ ለመድኃኒት መጠን ብቻ ተጽፏል፣ ቁመት አንዴም የለም። አንዱ ጽሑፍ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ቤተሰቡ

እናት 4 ዓመት አረብ ሀገር ሰርታ ከተመለሰች 3 ዓመት አልፏታል፣ ይዛ በመጣችው ብር ሱቅ ከፈተች። አባት አይሱዙ ይነዳል፣ ጅማ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ቡና ይጭናል፣ ሳምንት ውስጥ 2 ወይ 3 ማታ ነው ቤት የሚያድረው። ልጁን ያሳደገችው የእናት እናት ናት። 2 ዓመት የሞላት ታናሽ እህት አለችው። ደህና የሚበላ ቤት ነው፣ ሀብታም ግን አይደሉም።

ልጁ ከትምህርት ቤት በባጃጅ ይመጣና እናቱ ሱቅ ውስጥ እስከ 12 ሰዓት ይቀመጣል። የቤት ስራውን የሚሰራው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው፣ ማጋነን አይደለም፣ ሄጄ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ያልሰራው

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የምግብ ዝርዝር አሳጥሬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ጠዋት አጃ፣ ምሳ ሰላጣና የተጠበሰ ዓሳ፣ ማታ ሾርባ ምናምን። ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ካልቀነስክ ስኳር ይይዝሃል» አልኩት። በየሳምንቱ ቅዳሜ መጥቶ እንዲመዘን ቀጠሮ ሰጠሁ።

በ6ኛው ሳምንት 43.3 ኪሎ ሆነ። ጨመረ ማለት ነው።

በኋላ ሲገባኝ የሆነው ይሄ ነው። እቤት የሚበላው ሲቀነስበት ባጃጁን ከጓደኛው ጋር ተጋርቶ በተረፈው ብር ብስኩት እየገዛ ሽንት ቤት ገብቶ ይበላል። ቅዳሜ ክሊኒክ እንደሚመጣ ክፍል ውስጥ ታወቀና «ሚዛን» የሚል ስም ወጣለት። አያትየው ደሞ ወረቀቴን አይታ (አነበቡላት ማለት ነው) ለልጁ በድብቅ በቅቤ የታሸ ፍትፍት ትሰጠው ጀመር። 5ኛው ቅዳሜ ላይ ሚዛኑ ላይ አልወጣም ብሎ አለቀሰ። እናትየው ልጁን ልትቆጣ ስትል እኔን ነው መቆጣት የነበረባት፣ አልተቆጣችም።

የሚቆጨኝ ደሞ የማውቀውን ነገር ነው የረሳሁት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ መቀነስ የለበትም፣ ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ከደረሰበት ይበቃል። እኔ ግን በየሳምንቱ የሚቀንስ ቁጥር ስጠብቅ ነበር።

እንደገና ስንጀምር

የየሳምንቱን ሚዛን ተውነው። ወረቀቱንም ቀደድኩት፣ ልጁ ፊት ነው የቀደድኩት። ከዛ ምን ብላ ከማለት በፊት ምን እንደሚበላ ልየው አልኩና ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን አንድ በአንድ ጠየቅኩ።

ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ሻዩ 4 ማንኪያ ስኳር። ምሳ ዕቃ ውስጥ ማካሮኒ፣ አንዳንዴ ቺፕስ። ሱቅ ሲደርስ አንድ ለስላሳ፣ 11 ሰዓት ላይ ሌላ አንድ፣ መሀል ላይ ብስኩት ወይ ቦምቦሊኖ። ማታ እንደገና ሻይ በ4 ማንኪያ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ። ስደምረው ከመጠጡ ብቻ 90 ግራም አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከቀኑ 10 በመቶ እንዳያልፍ ነው፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደሞ ይመረጣል፣ እንደሱ ላለ ልጅ 10 በመቶው 45 ግራም ገደማ ነው። እጥፉን ጠጥቶ ነው እራት የሚቀርበው።

ስኳሩን በማንኪያ እየቆጠርኩ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ለእናትየው አሳየኋት፣ 22 ማንኪያ ምናምን። ዝም አለች። ከዛ «ሲስተር፣ 4 ዓመት እናት አልሆንኩትም፣ አሁን የኔው ሱቅ ውስጥ ሆኖ እማ ልጠጣ ሲለኝ እንዴት እምቢ ልበለው» አለች። ለዚህ ስልጠና ላይ መልስ አልተሰጠንም።

አያት

እቤታቸው የሄድኩት ለአያትየው ነው። ወሎ ነው የተወለደችው፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር ከመጡት ናት። ቡና እያፈላች ነበር የተቀበለችኝ፣ ፊቷ ግን አልፈታም። አቦሉን እንደጠጣን እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ቀብሬያለሁ። መንገድ ላይ ነው የቀበርኩት። አሁን አላህ ሰጥቶኝ የልጅ ልጄ ጉንጩ ሞልቶ ሳየው ቀንሺበት ትይኛለሽ?»

ከሷ ጋር መከራከር አልቻልኩም፣ አልፈለግኩምም። አይ እማማ፣ ቀንሺበት አልልሽም አልኳት፣ ልጆችሽን ያሳደግሽበትን ምግብ መልሺለት ነው የምልሽ። በሱ ዕድሜ እናቱ ምን ትበላ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ሽሮ፣ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ፣ እሸት ሲደርስ የተጠበሰ በቆሎ፣ ቆሎ። ለስላሳስ? «ኧረ ከየት መጥቶ፣ ለአረፋ እንኳ አልነበረም።» በቃ እዛ ላይ ወሬው ተቀየረ፣ የምታውቀውን ነገር ነው የጠየቅኳት።

እዛው ተቀምጬ ሳለሁ ነው ትልቁን ነገር ያየሁት። ልጁ 1 ሰዓት ላይ ከአያቱ ጋር እራት በላ። ጠገበ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ እናትየው ሱቅ ዘግታ መጣች፣ ገበታ ቀረበላት፣ ልጁ ጎኗ ተቀመጠ፣ አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ሶስተኛውን ካልጎረስክ ትጣላኛለህ። አባት የሚያድርባቸው ቀናት ደሞ 3ኛ ዙር አለ። እኔ ምን በላህ ብዬ ስጠይቀው ጉርሻውን አልነገረኝም፣ እሱ አልበላማ፣ ጎረሰ እንጂ! ጉርሻን ማን ይቆጥራል። በየቀኑ ሁለት እራት ሲበላ ኖሯል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነው ያለው።

ምን ሰራ ምን አልሰራ

ስኳሩ ሰራ፣ ግን ቀስ ተብሎ። ከ4 ማንኪያ ወደ 3፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ወደ 2፣ በ2 ወር 1 ላይ ደረሰ። ለሱ ብቻ አይደለም፣ ለቤቱ ሁሉ ነው የተቀነሰው፣ አባትየው ትንሽ አጉረመረመ። ለስላሳውን እናትየው ራሷ ነች ዘዴ ያገኘችለት፣ ሳጥኑን ወደ ጓዳ አስገባችና ልጁን ቆጣሪ አደረገችው፣ ስንት ጠርሙስ እንደገባ ስንት እንደተሸጠ ደብተር ላይ ይጽፋል። ዕቃው የሱቁ እንጂ የሱ አለመሆኑ የገባው ያኔ ይመስለኛል። አርብ አንድ ይጠጣል፣ ተፈቅዷል።

መክሰሱ ቀላል ነበር፣ እዚህ ጅማ ሙዝና አቮካዶ የሚጠፋበት ጊዜ የለም። ግን አንድ ወር ሙሉ ጁስ ቤት እየሄደ በስኳር የተመታ የአቮካዶ ጁስ ሲጠጣ ነበር፣ እኔ ፍራፍሬ ብያለሁ፣ እነሱ ጁስ ሰምተዋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፍሬውን በጥርሱ ይብላ ብዬ መናገር ነበረብኝ።

ሁለት እራቱን ለማስቀረት ጉርሻ ይቁም አላልንም፣ ማን ይሰማናል። አያትየው የሱን እራት ከ1 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ተኩል ገፋችው፣ እስከዛ ንፍሮ ወይ ቆሎ ሰጥታ ታቆየዋለች፣ ከዛ ከእናቱ ጋር አንድ ጊዜ ይበላል። ጉርሻው እንዳለ ነው፣ እራቱ ግን አንድ ሆነ። እኔ በ10 ዓመት የማላስበው ዘዴ ነው።

እግር ጉዞው ግማሽ ግማሽ ነው። ትምህርት ቤቱ 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከ3 የጎረቤት ልጆች ጋር በእግሩ መመለስ ጀመረ፣ 25 ደቂቃ ገደማ። በቀን 60 ደቂቃ ነው ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ የሚመከረው፣ የቀረውን ኳስ ይሞላዋል ብለን ነበር፣ አዌቱ ወንዝ አካባቢ ልጆች የሚጫወቱባት ባዶ ቦታ ነበረች፣ በ3ኛው ወር በቆርቆሮ ታጠረች፣ ግንባታ ነው። ክረምት ሲገባ ደሞ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እናትየው ልጁን ጭቃ ውስጥ አትልክም፣ ባጃጁ ተመለሰ። እቤት በረንዳ ላይ ገመድ ዝላይ ሞከርን፣ 2 ሳምንት ሰራ፣ ሰለቸው።

ትምህርት ቤቱጋ ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለችው ሱቅ ቺፕስና ብስኩት እንዳትሸጥ ብዬ፣ ወይም ቢያንስ ውሃና ሙዝ እንድትጨምር። ሱቋ ተከራይታለች፣ ኪራዩ ገቢ ነው፣ በትህትና ሸኙኝ። የክፍሉ ቲቸር ግን «ሚዛን» የሚለውን ስም አስቆመችልን፣ እንዴት እንዳስቆመችው አልጠየቅኳትም፣ ልጁ እንደገና ደስ ብሎት መሄድ ጀመረ። ከሁሉም በላይ የረዳን ምናልባት ይሄ ነው።

ረመዳን ላይ ወደቅን። ልጁ ገና አይጾምም፣ ስለዚህ ቀን እንደወትሮው ይበላል፣ ማታ ደሞ ከጾመኞቹ ጋር ያፈጥራል፣ ሳምቡሳው፣ ተምሩ፣ ሾርባው፣ ጣፋጩ። ወሩ ሲያልቅ 44 ኪሎ። ማንንም አልወቀስኩም፣ ከዒድ በኋላ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እህትየው

ይሄን ለብቻው የጻፍኩት ሊያመልጠኝ ስለነበር ነው። 2ኛው የቤት ጉብኝት ላይ ታናሽየዋን ለካኋት፣ ለወጉ ያህል ነው። ለዕድሜዋ አጭር ናት፣ ቀንጭራለች። አንድ ቤት፣ አንድ ኩሽና። ለካ እሷም ቀኑን የምታሳልፈው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ስታለቅስ ብስኩት በሻይ እየተነከረ ይሰጣታል፣ ሆዷ ይሞላል፣ ዕንቁላል የለ ባቄላ የለ። ያው ብስኩት አንዱን አወፈረ አንዷን አቀጨጨ። እኔ ደሞ ወፍራሙን ልጅ ብቻ እያየሁ 3 ወር ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠችውን አላየኋትም።

ለሌላ ባለሙያ ወይም ወላጅ የሚጠቅም

የልጅ አንገት ጠቁሮ ሲመጣ ከማሸትና ቅባት ከማዘዝ በፊት ቁመትና ክብደት ለኩ፣ ከተቻለ ስኳሩንም። ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ሁሉ ቁመት ጻፉ፣ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ያለ ቁመት ክብደት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ልጁን ቀንስ አትበሉት። የሚያጎርሰው ሌላ፣ የሚገዛው ሌላ፣ ባጃጅ ላይ የሚያሳፍረው ሌላ ሰው ነው፣ እነሱን ጠይቁ። ምን በላህ ሲባል የማይነገር ነገር አለ፣ በተለይ ጉርሻ፣ ከተቻለ እራት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ካለ እሱንም ለኩ።

እዚህ የሰራው ሁሉ ሌላ ቦታ ይሰራል ማለቴ አይደለም። ፍራፍሬ እንደ ጅማ በማይረክስበት ከተማ መክሰሱ ሌላ መሆን አለበት፣ አያት የሌለበት ቤት ደሞ ንፍሮውን ማን ይቀቅላል? አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚችለውም ውስን ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳን አካቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ታክስ ሜዳ አያጥርም ሜዳም አይከፍትም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ከቀጫጮቹ በልጠዋል፣ 9.4 በመቶ ለ9.2፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ናቸው ገና ያልደረሱበት። ገና ነን ማለት ነው፣ ስለዚህ ሚዛኑን ለ2ቱም ወገን ማዘጋጀት ያለብን አሁን ይመስለኛል።

አሁን ያለበት

በ11ኛው ወር ክብደት 43 ኪሎ፣ ቁመት 140.5። ቢኤምአይ 21.8፣ ለአሁኑ ዕድሜው መስመሩ ከ21 ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ገና በጥቂቱ ከላይ ነው፣ አልወረደም። ስኳሩ 94። አንገቱ ሳሳ ብሏል፣ አያትየው እድፉ ለቀቀ ትላለች፣ እድፍ አይደለም ብዬ ማስረዳቱን ትቻለሁ። እህትየው በቀን አንድ ዕንቁላል ታገኛለች፣ ቁመቷን በየ2 ወሩ እለካለሁ፣ እስካሁን ለውጥ አለ ለማለት አይቻልም።

ባለፈው ሳምንት እናትየው ደወለችልኝ። አንድ የለስላሳ አከፋፋይ በነጻ ፍሪጅ ልስጥሽ ብሏታል፣ መስታወት በር ያለው፣ ሱቁ በር ላይ ይቆማል፣ ግዴታው የሱን ዕቃ ብቻ መያዝ ነው። ሽያጩ እጥፍ ይሆናል ተብላለች፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደሞ ዘንድሮ ጨምሯል። ምን ላድርግ ሲስተር አለችኝ። አስቤ እደውልልሻለሁ አልኳት፣ እስካሁን አልደወልኩም። ፍሪጁ ሰኞ ይመጣል።